በብርዱ ወራት ተራራ ለመውጣት ያሰቡ አንባቢዎች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ኅዳር ከገባ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ እግር ጉዞና ስለ ዱር እንስሳት የሚጠይቁ ናቸው። ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባባት ደባርቅ ከከተማችን በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ በመሆኗ የጎንደር ሰው ይህን መጠየቁ አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ግን ባሕር አቋርጦ የሚመጣው እንግዳ ዋልያን አይቶ ሲመለስ፣ እዚሁ ተወልደን ካደግነው መካከል ብዙዎቻችን እንስሳውን የምናውቀው በእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ቅጽል ስም ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ጥያቄዎች መርጬ ቦታው በፈቀደ መጠን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

«መምህርት ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በታኅሣሥ መጨረሻ ስሜን ለመውጣት አስበናል። ነገር ግን በዚያ ወቅት ብርዱ ስለሚበረታ አበባው በሚፈነዳበት በመስከረም መሄድ ነበረባችሁ የሚሉን አሉ። እውነት ጊዜው አልፎናል?» (ከማራኪ)

አላለፋችሁም፤ እንዲያውም ጥሩ ጊዜ መርጣችኋል። መስከረምን የመከሯችሁ ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ ክረምቱ እንደ ወጣ ስሜን አረንጓዴ ይለብሳል፣ ፏፏቴዎቹ ይሞላሉ፣ ሜዳው ያብባል። ይሁን እንጂ በመስከረም ዝናቡ ጨርሶ ስለማይቆም መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ጉሙም ገደሉን ሸፍኖት መንገደኛው ከእግሩ ሥር ያለውን ብቻ እያየ የሚውልበት ቀን አይታጣም። የዱር እንስሳትን ማየት ዋና ዓላማው ለሆነ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ እኔ አስቀድማለሁ። አየሩ ስለሚጠራ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው በቆላው ውስጥ የቆሙትን አምባዎች አንድ በአንድ መለየት ይችላል። ሣሩም እየደረቀና እያጠረ ስለሚሄድ በክረምት ሳይታይ የሚያልፈው እንስሳ በዚህ ጊዜ ከሩቅ ይለያል። የካቲትና መጋቢት ሲደርሱ አቧራውና ጭሱ አየሩን ያደበዝዙታልና ጉዞውን ከዚያ በላይ ባታዘገዩት ይመረጣል።

ስለ ብርዱ የተነገራችሁ ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን መጠኑን አስቀድሞ በመገመት ሊዘጋጁበት የሚቻል ብርድ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጨነቅ የተባለው የማደሪያ ቦታ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ በማለዳ ከቤታችሁ ስትወጡ ከሚሰማችሁ ሙቀት ላይ 9 ዲግሪ ያህል ቀንሳችሁ አስቡት። በዚያ ላይ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ደመና ስለማይኖረው መሬቱ ቀን የተቀበለውን ሙቀት በቶሎ ይለቅቀዋል። በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ የሚታየው፣ በጆግ የተተወ ውኃም የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ተቃራኒ ችግር ያመጣል፤ ከፍታ ሲጨምር ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ስለሚበረታ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ኮፍያውን የተወ ሰው ማምሻውን ፊቱ ተቃጥሎ ይገኛል።

ስለ ልብስ የምመክረው አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ ስስ ልብሶችን ደራርቦ መልበስን ነው፤ ዳገት ሲወጡ አንዱን አውልቆ፣ ሲያርፉ መልሶ መልበስ ይቻላልና። ከውስጥ የሚለበሰው ካናቴራ ከጥጥ የተሠራ ባይሆን ይሻላል፤ ጥጥ ላብ ከያዘ በኋላ ቶሎ ስለማይደርቅ ቆም ባሉበት ቅጽበት ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ጋቢ ግን ከማታ እሳት አጠገብም ሆነ ከድንኳን ውስጥ የሚተካው የለም፤ በዚህ ጉዳይ የአባቶቻችን ልብስ ከማንኛውም የውጭ ዕቃ እኩል ያገለግላል።

«ሁለት ጊዜ ሳንቃበር ድረስ በመኪና ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት ጭላዳ ብቻ ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በእርግጥ አሉ? ካሉስ እንዴት ነው የሚታዩት?» (ከአዘዞ)

አሉ። ያላዩበትም ምክንያት ከደብዳቤዎ ውስጥ ይገኛል፤ የሄዱት በመኪና ነው፣ የቆሙትም ሳንቃበር በተባለው ካምፕ ላይ ነው።

ከጭላዳው እንጀምር፤ «ብቻ» ብለው ማለፍዎ አላስደሰተኝምና። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋማ ተራሮች በቀር በዱር የማይገኝ፣ ከወገኑ ሌሎቹ ዝርያዎች ሁሉ ጠፍተው ብቻውን የቀረ እንስሳ ነው። ከዝንጀሮ የሚለየው በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ገላጣ ቆዳ ብቻ ሳይሆን በምግቡም ነው፤ የሚኖረው በዋናነት ሣር እየጋጠ ነው። ሌሊቱን ከጠላት ለመሸሸግ በገደሉ ፊት ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፉ ይወጣና መጀመሪያ ተቀምጦ ይሞቃል፣ እርስ በርሱም ይቃመላል፣ ግልገሎቹም ይቧርቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግጦሹ ይሰማራል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ከሁሉ የሚያምረው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ከጎንደር ከቁርስ በኋላ ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ የሚደርስ ጎብኚ የሚያገኘው አንገቱን ደፍቶ የሚግጥ መንጋ ነው፤ የማለዳውን ማኅበራዊ ኑሮ ያየ ሰው ግን «ጭላዳ ብቻ» አይልም።

በዚህ ወቅት በቅርብ ቢያስተውሉ መንጋው ከመጋጥ ይልቅ መሬቱን ሲጭር ያያሉ። ቅጠሉ ሲደርቅ ጭላዳዎቹ በጠንካራ ጣቶቻቸው አፈሩን ቆፍረው ሥሩንና ከመሬት በታች ያለውን የተክል ክፍል ስለሚመገቡ ነው፤ ሜዳው ላይ በየቦታው የተጫረ አፈር ካዩ ማን እንደ ነበረበት ይህ ይነግርዎታል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየዎት ወይም ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይን ቆቡን ካሳየዎት «አልፈልግህም» ማለቱ ነውና ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ። ቢያንስ አሥር ሜትር ርቆ መቀመጥን ልማድ ያድርጉ፤ ምግብም ፈጽሞ አይስጡ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ ከገበሬው እህል ጋር የሚጋጭ መንጋ ይሆናል።

ዋልያን ለማየት ከሳንቃበር አልፈው ጨነቅ ድረስ መዝለቅ ያስፈልግዎታል። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር በየትም አይኖርም፤ ፓርኩም በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመበት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ የሆነበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ ፓርኩ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ዋልያ በዓይን ማየት ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፣ አገጩም ላይ ጥቁር ጢም አለው፤ የሴቷ ቀንድ ቀጭንና አጭር ነው። ጧት ማለዳና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ከገደሉ ተረተር ላይ ወጥተው ይግጣሉ፤ ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ በገደሉ ደረጃዎች ላይ ጥላ ይዘው ይተኛሉ። ስለዚህ ቀትር ላይ ከደረሱ ወደ ሜዳው ሳይሆን አፋፉ ላይ ተጠግተው (ከጫፉ በቂ ርቀት ይዘው) ወደ ታች ወዳሉት የሣር መደቦች ይመልከቱ። ቡናማ ድንጋይ መስሎ ከተኛው ውስጥ አንዱ ጆሮውን ሲያንቀሳቅስ ያን ጊዜ ሌሎቹም ይገለጡልዎታል። ባይኖኩላር ካልገዙ ከሚያውቁት ሰው ይዋሱ፤ ከማንኛውም ዕቃ በፊት የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከሁለቱ ይልቅ ዕድልንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። በመላው ዓለም ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፣ ከእነርሱም የሚበዙት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ የስሜኖቹ ጥቂቶች ናቸው። የሚያድነው በቀን ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው የተራራው አይጥ ነው። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ጫካ ውስጥ ወይም ገደል ላይ ሳይሆን አይጥ በሚበዛበት ጅባራ በበቀለበት ክፍት የሣር ሜዳ ነው፤ በግጭ አካባቢና በቧሂት ተራራ ዙሪያ ያሉት ሜዳዎች ለዚህ ይመረጣሉ። ሲያድን ብቻውን ይሄዳል፣ በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጆሮውን ወደ መሬት ያዘነብላል፣ ከዚያ ይዘላል። በሰሜን ሸዋ ባለው በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን አይጥ የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ጭላዳዎቹም ከሌላ አዳኝ እንደሚሸሹት ከእርሱ አይሸሹም። ስለዚህ ወደ ጭላዳ መንጋ ሲመለከቱ በመካከሉ አራት እግር ያለው ቀይ ነገር እንዳለ ደጋግመው ይፈትሹ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ልማድዎን እንዲለውጡ እለምንዎታለሁ። የእኛ አገር ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ለመድረስ ነው፤ ካምፑ ጋ ደርሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በልቶ ይመለሳል። የዱር እንስሳ ሰው ሲንቀሳቀስ ሳለ ራሱ ቀድሞ አይቶ ይሰወራል። በቀን ውስጥ አንድ ጥሩ ቦታ መርጠው አንድ ሙሉ ሰዓት ስልክዎን ዘግተው፣ ጨዋታዎን ዝቅ አድርገው፣ ደማቅ ልብስዎን ሸፍነው ቢቀመጡ ቀኑን ሙሉ ሲራመድ ከዋለው ሰው የበለጠ ያያሉ። ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ ሽኮኮው ከድንጋዩ ሥር ይወጣል፣ ሰስ ከአለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይታያል፣ ከቁጥቋጦው ዳር ድኩላ አንገቱን ያወጣል። አጥንት ከፍ አድርጎ ይዞ ወጥቶ አለት ላይ በመጣል የሚሰብረው ጢማሙ ጥንብ አንሣም ከገደሉ በታች ሲንሳፈፍ ጀርባውን ከላይ ሆነው ያዩታል።

«ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ቀበሮ አየን። ባለቤቴ ቀይ ቀበሮ ነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ ተራ ቀበሮ ነው እላለሁ። ማናችን ልክ ነን?» (ከቀበሌ 18)

በደብዳቤዎ ላይ የቀለሙን ሁኔታ ባይገልጹልኝም በመንገድ ዳርና በእርሻ መካከል ያያችሁት በመሆኑ እርስዎ ልክ የሚሆኑ ይመስለኛል። ተራው ቀበሮ ግራጫና ቢጫማ ቡናማ የተቀላቀለበት ጠጉር አለው፣ ወደ መንደር መጠጋትንም አይፈራም። ቀይ ቀበሮ ጠጉሩ ደማቅ ቀይ ሆኖ ከአገጩ ሥር፣ ከአንገቱና ከሆዱ በታች ጥርት ያለ ነጭ ይታይበታል፤ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሾጠጥ ያለ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። የሚኖረውም ከእርሻው ወሰን በላይ ባለው ከፍተኛ ሜዳ ነው። ባለቤትዎ ነጩን አንገት አይቻለሁ ካሉ ግን ቃላቸውን አክብሩ፤ ለፓርኩ ሠራተኞችም ንገሯቸው።

«በሳንቃበር መንገድ ላይ ሆዱ ጎን ላይ ትልቅ እብጠት ያለበት ጭላዳ አይተን ሰው የመታው መስሎን አዘንን። ምንድን ነው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጎንደር)

የሰው ዱላ ላይሆን ይችላል። በስሜንም ሆነ በመንዝ ጓሳ ባሉ ጭላዳዎች ላይ እንዲህ ያለ እብጠት የሚያመጣ ጥገኛ ትል መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል፤ ትሉ ከኮሶ ትል ወገን ነው። አዋቂው ትል የሚኖረው በውሻና በቀበሮ ወገን በሆኑ እንስሳት አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ ጭላዳውም ሲግጥና ሥር ሲቆፍር አብሮ ይውጠዋል። ከዚያም ከቆዳው ሥር ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጠራል። ከርቀት ተመልክታችሁ ቦታውንና ቀኑን አብሯችሁ ለሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ብታስመዘግቡ ይበቃል፤ እንስሳውን ለመቅረብ ወይም ለማከም መሞከር ለእርሱም ለእናንተም አይበጅም።

«በቅርቡ አንድ ውሻ አሳድጌአለሁ፣ በጣም የሠለጠነ ነው። አብሮን ተራራ ቢወጣ ምን ችግር አለው?» (ከአራዳ)

እባክዎ አይውሰዱት። ቀይ ቀበሮን ወደ መጥፋት ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ፣ በተለይም የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ አንድ ወረርሽኝ ከመንጋው ብዙውን እንደ ጨረሰ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከዚህም ሌላ ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ እናንተ በምትወጡበት ሰዓት ግልገሎቹ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። የውሻዎ ሥልጠና ጥሩ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ውሻዎን እዚሁ አስከትበው ያቆዩት።

«ተራራው ላይ ደርሰን ቡና ማፍላት እንፈልጋለን። እሳት ማንደድ ይፈቀዳል?» (ከፒያሳ)

ከካምፑና ከተፈቀደው ቦታ ውጭ በፍጹም አታንድዱ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ የአስታውን ደንና የጓሳውን ሣር ሲበላ ለቀናት ጭሱ ታይቶ፣ ሕዝቡ ከየአካባቢው ወጥቶ በቅጠልና በአፈር ሲታገለው የነበረውን የምታስታውሱት ይመስለኛል። አስታ በእርጥብነቱም ቢሆን ፈጥኖ የሚይዝ ዛፍ ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ካምፕ ስትደርሱ በቡታጋዝ ምድጃ አፍሉ። ከቤት በፔርሙስ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ጊዜያችሁን ከእሳቱ ይልቅ ለገደሉ ትሰጡታላችሁ።

«ጾመ ነቢያትን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። በጾሙ ወቅት ተራራ መውጣት ይቻላል? ከፍታ የሚያመጣው ሕመምስ የጎንደር ሰውን ይነካል?» (ከቀሃ ኢየሱስ አካባቢ)

ሁለተኛውን ልመልስ፤ ለመጀመሪያውም መልሱ ከእርሱ ይወጣልና። ጎንደር ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ነዋሪዋ ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ይልቅ ጥቂት ብልጫ አለው፤ ይህ ማለት ግን አይነካም ማለት አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርሱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መታወክና ከመጠን ያለፈ ድካም ከተሰማዎት ይህ የከፍታ ሕመም ነው። መከላከያው ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ፣ ሁለተኛውን ሳንቃበር፣ ከዚያ በኋላ ግጭ ወይም ጨነቅ ማደር ለሰውነት ጊዜ ይሰጠዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር በተራራ ተጓዦች ዘንድ የታወቀ ደንብ ነው። ሕመሙ ከባሰ፣ በተለይ አረማመድ ከተዛባ፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ከተደናገረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል፤ ጧትን መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውኃ ከሰውነት ያወጣል፤ ጥማቱ ግን እንደ ቆላ አይሰማም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ በ3,600 ሜትር ላይ ዳገት መውጣት ስለዚህ አደገኛ ነው፤ ይህንም ስል ጾሙን ማቃለሌ አይደለም። ሁለት መንገድ አለዎት፤ ወይ ጉዞውን ከገና በኋላ ያድርጉት፣ ጥር ለመንገድ ከታኅሣሥ አያንስምና፤ ወይም የንስሐ አባትዎን አማክረው መንገደኛ እንደሚጾመው ይጹሙ። ጥምቀትን እዚሁ አክብረው ከዚያ በኋላ ቢነሡ ደግሞ በዓሉም አያመልጥዎትም። የጾም ምግብ ራሱ ለተራራ የተመቸ ነው፤ በሶ በውኃ ብቻ ይዘጋጃል፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ሆነው ቀኑን ሙሉ ያገለግላሉ፣ የተልባ ውኃም አይከብድም። የምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ቢመስልም ከብትና የዱር እንስሳ ከላይ ይረግጡታልና ያፍሉት ወይም በመድኃኒት ያጣሩት።

«የስምንትና የአሥር ዓመት ልጆች አሉኝ። ደባርቅ ድረስ መውሰድ አልችልም። ለከተማችን የቀረበ ቦታ ይጠቁሙኝ።» (እናት፣ ከልደታ)

ኮሶዬን እጠቁምዎታለሁ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ልጆች ሳይደክሙ ከመንገዱ ትንሽ ራመድ ብለው የገደሉን አፋፍና የቆላውን ስፋት ያዩበታል፤ ጭላዳም በአካባቢው ይገኛል። ልጆቹን እጃቸውን ይዘው እንጂ ለቅቀው ወደ ጫፉ አይቅረቡ። ጧት ከሄዱ እስከ ምሳ ይመለሳሉ።

ብርድ ለማይወዱ ልጆች ደግሞ ጎርጎራ ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ በጋ በሆነበት ጊዜ አውሮፓና ሰሜን እስያ በበረዶ ስለሚሸፈኑ ከዚያ የሚሰደዱ ወፎች ወደ ጣናና ወደ ፎገራ ረግረግ ይመጣሉ፤ ከእነዚህም መካከል በብዛት የሚያርፉት አመድማ ቀለምና ረጅም አንገት ያላቸው ክሬን የሚባሉት ወፎች ናቸው። ሐይቁ ዳር ለሁልጊዜ ነዋሪ የሆኑትን ይብራዎችና ዓሣ አጥማጅ ወፎችም ልጆቹ ያያሉ። ምንም መጓጓዣ በማይገኝበት ቅዳሜ ደግሞ የከተማችንን አብያተ ክርስቲያናት አጸዶች አይናቁ፤ በጽድና በወይራ ዛፎቻቸው ላይ ሩብ ሰዓት ቀና ብሎ የተቀመጠ ልጅ ቤቱ ድረስ የሚያወራው ነገር አያጣም።

«ከአገር ወጥቼ ካናዳ እኖራለሁ። እዚህ በክረምት በበረዶ ላይ ስንሄድ የእንስሳቱን ዱካ አይተን ማን እንዳለፈ እናውቃለን። ለጥምቀት ጎንደር ስመጣ ራስ ደጀን ላይ በረዶ አገኛለሁ? ካላገኘሁስ ዱካ እንዴት ይነበባል?» (በስደት ያሉ አንባቢ)

በረዶውን ተስፋ አያድርጉ። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም ጥር ደረቅ ወር ስለሆነ የሚጠብቅዎት ውርጭ ነው፤ በጫፎቹ ላይ አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶም ፀሐይ ሲያገኘው ፈጥኖ ይቀልጣል። የጥንቱ ዘመን ግን ሌላ ነበር፤ ዓለም ቀዝቅዛ በነበረችበት የመጨረሻው የበረዶ ዘመን በስሜን ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፣ እርሱ እየገፋ የከመራቸው የድንጋይ ቁልሎችም ዛሬም ይታያሉ።

ዱካን በተመለከተ ውርጩ ራሱ አንድ ሰዓት ያህል የበረዶን ሥራ ይሠራልዎታል። ፀሐይ ሳትነካው ነጭ ሆኖ በተኛ ሣር ላይ እንስሳ ካለፈ የረገጠበት መስመር ጠቆር ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ከድንኳንዎ ከሌሎች ሰዎች ቀድመው ይውጡና ጥላው ባልለቀቀው በኩል ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ያለው ደቃቅ አቧራና በየወንዙ ዳር ያልደረቀው ጭቃ አሉ። የቀበሮ ዱካ አራት ጣትና የጥፍር ምልክት ይኖረዋል፤ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ምልክቱ አይታይም። የድኩላና የሰስ ዱካ ሁለቱም የተከፈለ ሰኮና ነው፤ ሆኖም ሰስ በሰኮናው ጫፍ ስለሚቆም አሻራው ትንሽና ክብ ይመስላል፣ የሚገኘውም አለት ለአለት ነው። ነጭ ሆኖ የደረቀ ዓይነ ምድር ካገኙ አጥንት የሚበላው ጅብ በሌሊት አልፎበታል። በገደሉ አፋፍ ላይ የተከማቸ ኩስ ካዩ ደግሞ ጭላዳዎቹ የሚያድሩበት ከዚያው ሥር ነውና በማግስቱ ከፀሐይ በፊት ተመልሰው ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ያላወቁትን ዱካ በእግርዎ ሳያበላሹ አጠገቡ እርሳስ ወይም የክብሪት ቀፎ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡት፤ መጠኑ ይታወቃልና። ከዚያም አብሮዎት ለሚሄደው ስካውት ያሳዩት። በፓርኩ ውስጥ ያለ አስጎብኚና ያለ ስካውት መጓዝ አይፈቀድም፤ አብዛኞቹ ስካውቶች የዚያው አገር ልጆች ስለሆኑ ከየትኛው ሜዳ ምን እንደሚወጣ ያውቃሉ። ሁለቱንም የሚያገኟቸው፣ የመግቢያውንም ክፍያ የሚፈጽሙት ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከጎንደር ከመነሣትዎ በፊትም የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ሁኔታ በዚያው ይጠይቁ።